ወደ ግራ የሚስበው ማሽን

ወንድሜ ማሽን ሲገዛ ልጁን የሚድር ይመስላል። ዘሩን ይቆጥራል፣ ከዚህ በፊት የገዙትን ሰዎች አፈላልጎ ያነጋግራል፣ ሁለት ሌሊት ያድርበታል፣ በሦስተኛው ቀን «እስቲ ደግሞ ሌላ እንይ» ይላል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ወረፋው ረዝሞብኝ የተመለስኩ ሴት ነኝ። ያንን የሣር ማጨጃ ለመምረጥ የፈጀብንን አምስት ሳምንት እንዴት እንደቻልኩት ዛሬም ይገርመኛል።

ሥራችን ሣር ማጨድ ነው፤ የመኖሪያ ቤት ግቢ፣ የክሊኒክ ግቢ፣ የቢሮ ደጃፍ፣ ብቻ ሣር ያለበት ሁሉ። እሱን ጋሼ እለዋለሁ። በአሥራ ስድስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ወላጆቻችን ሲሞቱ እኔ የወተት ጥርሴን ነቅዬ አልጨረስኩም ነበርና ያሳደገኝ እሱ ነው። እሱ ደግሞ ቁንዶ ይለኛል፣ ቁንዶ በርበሬ ለማለት፤ ትንሽ ሆና የምታቃጥለዋን። ስሙ ከቤት ወጥቶ ደንበኞቻችንም ቁንዶ ነው የሚሉኝ። ትክክለኛ ስሜን የሚያስታውሰው የባንኩ ገንዘብ ተቀባይ ብቻ ይመስለኛል።

ሥራውን የተከፋፈልነው በመጀመሪያው ቀን ነው። «ጠርዙ የአንቺ፣ ሜዳው የእኔ» አለኝ፤ በዚያው ዘጠኝ ዓመት ሞላን። ጋሼ የሚገፋውን ማጨጃ ይዞ ሜዳው ላይ ይመላለሳል፤ እኔ በክር የሚቆርጠውን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ በአጥሩ ሥር፣ በዛፉ ዙሪያ፣ በድንጋዩ ጥግ እዞራለሁ። ሜዳው ክብር አለው። ጋሼ አጭዶ ሲጨርስ ሣሩ ላይ አንዱ ደመቅ፣ አንዱ ፈዘዝ ያለ መስመር ይቀራል፤ ከዳር እስከ ዳር ዝንፍ አይልም። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል። ጠርዝ ቆሞ የሚያይ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። «አንድ ቀን እንኳ ሜዳውን ስጠኝ» እያልኩ ስንት ጊዜ ነዝንዤዋለሁ። «መስመር እጅ ይፈልጋል፣ ያንቺ እጅ ገና ይቸኩላል» ይለኛል። አኮርፋለሁ። የማኮርፈው እስከ ምሳ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ አይዘልቅልኝም።

ማሽኑን ያመጣብን ኮሌጁ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ግቢውን በሙሉ እንድንይዝለት ተዋዋልን፤ ሁለት የኳስ ሜዳ፣ የቤተ መጻሕፍቱ መስክ፣ ከበሩ እስከ አዳራሹ የሚደርስ ረጅም ሣር። በሚገፋው ማጨጃ ከሄድን አንዱን ጫፍ ጨርሰን ቀና ስንል የጀመርነው ጫፍ አድጎ ይጠብቀናል። ስለዚህ ተቀምጠው የሚነዱት ያስፈልገናል፤ ባለሙያዎቹ ዜሮ ተርን የሚሉት። መሪ የለውም። በመሪ ፋንታ ሁለት ዘንጎች ከግራና ከቀኝ ጭን ላይ ይመጣሉ፤ የግራው የግራውን የኋላ ጎማ ያዛል፣ የቀኙም የቀኙን። ሁለቱን እኩል ወደ ፊት ከገፏቸው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አንዱን ገፍተው ሌላውን ከሳቡ ባለበት እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። ዛፍ ለመዞር፣ ከጥግ ለመውጣት እንደሱ ያለ የለም ይላሉ።

ጋሼ ወደ መሸጫው የሄደው ዱላውን ይዞ ነው። ዱላው የመጥረጊያ እንጨት ሲሆን በላዩ ላይ በቢላዋ የተቀረጹ ምልክቶች አሉበት። እያንዳንዱ ምልክት የአንድ ደንበኛ የግቢ በር ስፋት ነው፤ ይኼኛው የጡረተኛው ዳኛ፣ ይኼኛው የጥርስ ሐኪሟ፣ ከሁሉ ጠባቡ የመንታዎቹ እናት። ሜትር አለን፤ ጋሼ ግን ሜትር ቁጥር እንጂ በር አያውቅም ባይ ነው።

ሻጩ ከረቫት ያሰረ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ጎልማሳ ነበር። ዱላውን ሲያይ «አባት፣ ሊመቱኝ ነው?» ብሎ ሳቀ።

«ገና አልወሰንንም» አልኩት።

ሦስት ማሽን አሳየን። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ መካከለኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ ወንበር የሌለው፣ ከኋላው ባለች መርገጫ ላይ ተቁሞ የሚነዳ። ሻጩ ስለ ሞተሩ ጉልበት ሲያወራ ጋሼ ዱላውን በሰፊው ማሽን ላይ አጋድሞ ምልክቶቹን በጣቱ ይቆጥራል። ከኮሌጁ ሌላ የሚያስገባው ሁለት በር ብቻ ሆነ። መካከለኛው ከመንታዎቹ እናት በስተቀር በሁሉም በር ያልፋል። ከዚያ ወንድሜ በጀርባው ሲሚንቶው ላይ ተንጋለለና ከማሽኑ ሥር ገባ። ቢላዎቹን የሚሸፍነው ብረት በብየዳ የተገጣጠመ ወፍራም ነው ወይስ በፕሬስ የወጣ ስስ ቆርቆሮ? ግራሶ የሚሞላባቸው ቦታዎች ስንት ናቸው፣ እጅ ይደርስባቸዋል? ቺንጋው ሲበጠስ ሌላው እዚሁ አለ ወይስ ከውጭ ነው የሚመጣው? ድምፁ ከማሽኑ ሥር ነው የሚወጣው፤ ሻጩም ለጫማ ያወራ ይመስል ጎንበስ ብሎ ይመልሳል።

በመጨረሻ «እውነቴን ነው የምልዎት፣ ሦስቱም ምርጥ ናቸው» አለ።

«ሦስቱም ምርጥ ከሆኑ በምን ለየሃቸው?» አልኩት። ጋሼ ከሥር «ቁንዶ» አለኝ፤ ይብቃሽ ማለቱ ነው።

ከመሸጫው ጀርባ መሞከሪያ መስክ አለ። እዚያ የጠበቀን መካኒኩ ነው፤ ሽማግሌ ነው፣ ጋሽ ግራሶ ይሉታል፣ ግራሶ ከእጁ ጠፍቶ ስለማያውቅ። ጋሼ መካከለኛው ማሽን ላይ ወጣ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ዘንጎቹን ያዘ። መስኩ መጨረሻ ላይ ያለውን ምሰሶ ዓይኑን ተክሎ አየው፤ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው፣ ሩቅ ያለ ነገር መርጦ ዓይኑን ሳይነቅል ይሄዳል። ሄደ። መሃል ላይ ሲደርስ ማሽኑ ቀስ እያለ ወደ ግራ አጋደለ። ምሰሶው ጋ ሲደርስ ምሰሶው በቀኙ ራቅ ብሎ ቀርቷል።

ወርዶ ወደ ኋላ ዞረና መስመሩን አየ። ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስሠራ ጠማማ መስመር ሲያወጣ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ይስባል፣ ወደ ግራ ይስባል» አለ።

ጋሽ ግራሶ የጎማዎቹን ነፋስ ለካ። እኩል ነው። ጋሼ ሰፊውን ሞከረ፤ ሳበው፣ ወደ ግራ። ተቁሞ የሚነዳውን ሞከረ፤ ይሄኛው ጭራሽ ባሰ፣ ከአጥሩ ጋር ሊያላትመው ነበር። ሻጩ ከረቫቱን እየነካካ «ለአዲስ ሰው መጀመሪያ ትንሽ ያስቸግራል» አለ። ጋሽ ግራሶም ጋሼን ከእግር እስከ ራሱ ሲያይ ቆይቶ «እኔ የሚመስለኝ ማሽኑ ሳይሆን ምናልባት...» ሲል እኔ ደሜ ፈላ።

«ማሽኑ ሳይሆን ምኑ? ይኼ ሰው የከተማውን ሣር ሁሉ ቀጥ አድርጎ ያጨደ ሰው ነው! እናንተ የተበላሸ ዕቃ አስቀምጣችሁ እሱን መስመር ልታስተምሩት ነው?»

ጋሽ ግራሶ አፉን ዘጋ። እኔም ወንድሜን ያስከበርኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ከዚያ ሌሎች ሁለት መሸጫዎች ሄድን። በአንደኛው የሞከርነው ወደ ግራ ሳበ። በሁለተኛው የሞከርነውም ሳበ። ማሽኖቹ ተማክረው የተነሱብን ነው የመሰለኝ። ማታ ማታ ጋሼ ቤት እየተቀመጥን እንከራከራለን፤ እኔ «ፋብሪካዎቹ ናቸው፣ ዘንድሮ የሚሠሩት ሁሉ ከንቱ ነው» እላለሁ፤ እሱ ዱላውን ያያል። ሚስቱን እታለም ነው የምላት፤ የጋሼን ሳህን ከፊቱ ስታነሳ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና የሆነ ነገር ልትል ፈልጋ ተወችው። እኔ ግን ስለ ፋብሪካ ማውራት ላይ ነበርኩ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ወደ መጀመሪያው መሸጫ ተመለስን። ኮሌጁ ሥራ ጀምሩ ላለን ቀን የቀረን ጥቂት ቀን ነው። ጋሼ ከሁሉም መካከለኛው ይሻላል ብሎ ቆርጧል፤ ብረቱ ወፍራም ነው፣ በሮቹ ያስገቡታል፣ ቺንጋው እዚሁ ይገኛል። የቀረው መሳቡ ብቻ ነው።

«አስተካክለው» አልኩት ጋሽ ግራሶን። «መስተካከል አይችልም እንዳትለኝ ብቻ።»

«ይችላል» አለ። «ከወንበሩ ሥር ብሎን አለች። የፈጠነውን ጎማ ትገታዋለች።» ከዚያ ጋሼን አይቶ «ይህን ማሽን ግን ብዙ ሰው ነድቶታል፣ ይስባል ያለ የለም» አለ፣ በለሆሳስ።

«ብዙ ሰው መስመር አያውቅማ» አልኩ።

የብሎን መፍቻ ቺያቤውን አምጥቶ ተንበረከከ። የቀኙን ትንሽ ገታ፣ ጋሼ ነዳ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ገታ። በአራተኛው ማሽኑ ከዚህኛው ዳር ተነስቶ ምሰሶው እግር ሥር ሄዶ ቆመ። ጋሼ ዘወር ብሎ መስመሩን ሲያይ ፊቱ በራ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቷል። «ይኼ ነው! ቁንዶ፣ ይኼ ነው!» አለና ከሻጩ ጋር ሊፈራረም ወደ ቢሮ ገባ።

እኔ መስኩ ላይ ቀረሁ። ማሽኑ ሞቆ፣ ቁልፉ ላዩ ላይ ተሰክቶ ቆሟል። ሰው ሰውን እንደሚናፍቅ እኔም ያን ወንበር ናፍቄ ኖሬያለሁ። «አንድ ዙር ብቻ» አልኩና ጋሽ ግራሶን ሳላስፈቅድ ወጣሁ። ዓይኔን ምሰሶው ላይ ተከልኩ፣ ሁለቱን ዘንጎች እስከ መጨረሻቸው ገፋኋቸው። ማሽኑ ወደ ቀኝ ሄደ።

የኔ ጥፋት ነው ብዬ ተመልሼ ሞከርኩ። ወደ ቀኝ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከርኩ፤ ከአሮጌ ጎማዎች ክምር ጋር ልላተም ስል አቆምኩት።

«አበላሸኸው!» ብዬ ጮህኩበት። «ወደ ግራ የሚስበውን ወደ ቀኝ አዞርከው!»

ጋሽ ግራሶ እኔን አስወርዶ እሱ ወጣ። ሁለቱንም ዘንግ ገፋ። ማሽኑ እሱንም ወደ ቀኝ ወሰደው። አቁሞ ወረደና እጁን በጨርቅ መጥረግ ያዘ፤ ለመጥረግ የሚፈጅበት ጊዜ መቼም አይጣል ነው።

«አልተበላሸም» አለኝ። «ለወንድምሽ ነው ያስተካከልኩት።»

«ማሽን ለሰው ይስተካከላል እንዴ?»

«ግራ እጁ እስከ መጨረሻ አይገፋም፣ ልጄ። ሙሉ በሙሉ የገፋ ይመስለዋል እንጂ መንገድ ላይ ይቀራል። እንግዲህ የቀኙን ጎማ ገታሁና ከሰነፈችው እጁ ጋር አስማማሁት። በመጀመሪያው ቀን ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

ሽማግሌው አየኝ። «አስናገርሽኝ?» አለ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሽ ግራሶ ክፉ አልተናገረኝም፤ ያለውን እውነት ነው ያለው። ስልኬን አውጥቼ እታለም ጋ ደወልኩ። ሰላም እንኳ አላልኳትም።

«እታለም፣ የጋሼን ሸሚዝ ማነው የሚቆልፍለት?»

«እኔ ነኝ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዝናቡ ካባራ ወዲህ። እንዳልነግርሽ አስምሎኛል፣ ቁንዶዬ። ‹እጄ የሰነፈው ከማሽኑ ንዝረት ነው፣ ተቀምጬ የምነዳው ሲገዛ ይተወኛል› ይለኛል።»

የኛ ሥራ ሰው ሁሉ እጁ ይደነዝዛል። የሚገፋ ማጨጃ ቀኑን ሙሉ ሲያንቀጠቅጥህ ውሎ ማታ ማንኪያው ከጣትህ ያመልጣል፤ ጠዋት ይተውሃል። ስለዚህ በኛ ቤት እጄ ደነዘዘ ያለ ሰው ደከመኝ እንዳለ ነው የሚቆጠረው፣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። እኔም አላየሁም። አምስት ሳምንት ሙሉ አምስት ማሽን በዓይኔ እያየሁ አንድ ነገር ሲነግሩኝ፣ እኔ ፋብሪካ ስረግም ከረምኩ። ፈራሁ። ከወላጆቻችን ሞት ወዲህ እንደዚያ የፈራሁበትን ቀን አላስታውስም።

ጋሼ ወረቀቶቹን በቀኝ እጁ ይዞ ከቢሮው ወጣ። «ፊርማሽ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየ።

«አልፈርምም» አልኩት።

«ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ማሽኑ አይደለም፣ ጋሼ። እጅህ ነው።»

ጋሽ ግራሶ መሣሪያውን ሰብስቦ ራቅ አለ። ወንድሜ ወረቀቶቹን ማሽኑ ወንበር ላይ አስቀመጠ። አልካደኝም፤ ቢክደኝ ይሻለኝ ነበር፣ እጮህበት ነበር።

«ትንሽ ሰንፏል» አለ።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሸሚዝህን መቆለፍ አቅቶህ ትንሽ ትለኛለህ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለህ ያሳደግኸኝ አንተ አይደለህም?»

«መድኃኒቱማ ይኸው» አለና ማሽኑን መታ መታ አደረገው። «ልክ እኮ ሆነ። አላየሽም ቀጥ ሲል?»

ይህን ሲል አንጀቴን በላው። እንባዬ መጣ፣ ንዴቴም አብሮ መጣ፣ የትኛውን ማስቀደም እንዳለብኝ ጠፋኝ። «አባቴ አንተ ነህ» አልኩት፤ እንዲህ ብዬው አላውቅም። «ሌላ አባት የለኝም። ሐኪም ሳያይህ ማሽኑ አይገዛም፣ ኮሌጁም ከፈለገ ሣሩ እስከ ጣሪያው ይደግ።»

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

«እኔ እጠየቅበታለሁ።»

ብዙ ጊዜ በክርክር የሚረታኝ እሱ ነው፤ ድምፁን ሳያነሳ፣ ቀስ ብሎ። ያን ቀን ግን ግራ እጁን አገላብጦ አየውና «እሺ» አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ጥድፊያ የላትም። ስትጠይቀው ስትጠይቀው ቆይታ አንድ ነገር አወጣችበት፤ ዝናቡ ባባራ ሰሞን አንድ ጠዋት ብርጭቆ ከእጁ ወድቆ፣ ምላሱም ተሳስሮበት ነበር። ተኝቶ ሲነሳ ንግግሩ ስለተስተካከለለት ለእታለም እንኳ አልነገራትም። ሐኪሟ ፊት ለፊቱ ቆመችና ሁለት መዳፎቿን ዘረጋችለት።

«እኩል አድርገው ይግፉኝ» አለችው።

ገፋት። ጥግ ላይ ካለው ወንበር ሆኜ ሳይ አንደኛው ክንዷ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሌላኛው ባለበት ቀረ። የሐኪሟ ትከሻ ዘወር አለ። እሱ ግን ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ፣ እኩል እየገፋ መስሎት፣ በርትቶ ይገፋ ነበር።

ምርመራው ሁለት ቀን ወሰደ። በጭንቅላቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ የደም ሥር ተዘግታ ነበር። ሐኪሟ ነገሩን ሳታጋንንም ሳታቃልልም ነገረችን፤ ያለፈው አልፏል፣ ትልቁ እንዳይከተል ግን በመድኃኒት መከላከል ይቻላል፣ ዝም ተብሎ ቢከረም ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። እታለም በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ትንፋሼን ለቀቅሁ።

«እጄስ?» አለ ጋሼ።

«በልምምድ የተወሰነ ይመለስ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

«ማጨድስ?»

ሐኪሟ ወረቀቷን አስቀመጠች። «ቢላ ያለበት ማሽን ከእንግዲህ እንዲነዱ አልፈቅድም» አለችው። እሱም «አመሰግናለሁ» አላት፤ እሱ ሲያዝንም ጨዋ ነው።

ሦስት ቀን የማጨድን ስም አላነሳም። መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውጣል፣ ሐኪሟ የሰጠችውን የላስቲክ ኳስ በግራ እጁ ይጨምቃል፣ ኳሷ ትወድቃለች፣ ያነሳታል። እኔ ጠርዙን በክሩ፣ ሜዳውን በሚገፋው ማጨጃ ብቻዬን እየሠራሁ ማታ ሬሳ ሆኜ እገባለሁ። በአራተኛው ቀን የክት ሸሚዙን ለብሶ በሬን አንኳኳ። «ተነሺ፣ መሸጫው ሳይከፈት እንድረስ» አለኝ።

«ምን ልናደርግ?»

«ማሽን ልንገዛ ነዋ።»

መንገድ ላይ ሰው እንቀጥራለን፣ ጥሩ ሾፌር አውቃለሁ፣ አንተ ደግሞ ሰውየውን ታዘዋለህ እያልኩ ለፈለፍኩ። ሰማኝ። እንደጨረስኩ «ሜዳውን ለባዳ አልሰጥም» አለ።

መካከለኛው ማሽን እዚያው መስኩ ላይ ቆሟል። ሻጩ ሊቀበለን ሲመጣ ጋሼ ሰላም ብሎት አለፈና በቀጥታ ጋሽ ግራሶ ጋ ሄደ።

«ያቺ ብሎን» አለው። «ፍታትና እንደገና አስተካክልልኝ።»

«ወደ ነበረችበት ልመልሳት?»

«ለእሷ እጅ» አለ ጋሼ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ።

ጋሽ ግራሶ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየን። ከዚያ ቺያቤውን ይዞ ተንበረከከ። ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ጋሼ ጎኔ ቆሞ ቀበቶዬን በቀኝ እጁ ሊያስርልኝ ታገለ፤ ልርዳህ አላልኩትም፣ እስኪያስረው ጠበቅሁት። ዘንጎቹን እንዴት እንደምይዝ አሳየኝ። «አጠገብሽ ያለውን ሣር አትይ፣ ሩቅ ምረጪ። ከመረጥሽ በኋላ ዓይንሽን አትንቀይ። እጅሽ አይቸኩል» አለኝ። ይኼን ምክር ዘጠኝ ዓመት ነፍጎኝ ኖሯል።

የመጀመሪያው ትንሽ ወደ ቀኝ ሄደ። ጋሽ ግራሶ ብሎኗን ነካ አደረጋት። ሁለተኛው ተሻለ፤ ደግሞ ነካ አደረጋት። በሦስተኛው ማሽኑ ከዚህኛው ዳር ተነስቶ ዝንፍ ሳይል ምሰሶው ጋ ደርሶ ቆመ። ሞተሩን አጥፍቼ ወደ ኋላ ዞርኩ። ጋሼ በመነሻው ላይ በርከክ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየለካው ነበር።

«ቀጥ ብሏል!» ብሎ ጮኸልኝ።

ድምፁ ያስታውቃል፣ ደስ ብሎታል። የምር ደስ ብሎታል። እኔ ግን ምሰሶው ሥር ተቀምጬ መስመሩን እያየሁ፣ ምነው በጠመመ አልኩ።